ውሃ ውስጥ ያለውን "ብሩሽ" በኒውትሮን ማየት

ቁጭ ብድግ ስንል የጉልበታችን አጥንቶች የማይፋጩት ጫፋቸውን በሸፈነው ልም አጥንት ምክንያት ነው። በልም አጥንቱ ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የተሸከሙ፣ በውሃ የራሱ ረጃጅም ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ይህንን ለመኮረጅ ፖሊመር የሚባሉትን ሰንሰለቶች በአንድ ጫፋቸው ጠጣር ገጽ ላይ እንደ ብሩሽ ፀጉር ይተክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሙል ያላቸው ብሩሾች ውሃ ውስጥ ፍትጊያን እጅግ ዝቅ እንደሚያደርጉ አሳይቷል።

ችግሩ ብሩሹን ማየቱ ላይ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ በአስር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ሲሆን፣ የሚሠራውም ውሃ ውስጥ ነው። ከውሃው አውጥተው ቢያደርቁት ፀጉሩ ይተኛል፤ የሚታየው ሌላ ነገር ይሆናል። ኤክስሬይም ቢሆን የሚያየው ኤሌክትሮንን ስለሆነ፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠን ፖሊመር ከውሃው ለመለየት ይቸገራል።

ኒውትሮን ግን ሙል ስለሌለው ወፍራም ሲሊከን አቋርጦ ያልፋል፤ የሚጋጨውም ከአተም አስኳል ጋር ነው። ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ተራው ሃይድሮጂንና ከባዱ ሃይድሮጂን (ዲዩቴሪየም) በኬሚስትሪ ጠባያቸው መንትያ ሊባሉ ቢችሉም፣ ኒውትሮንን የሚበትኑበት መጠን −3.7 እና +6.7 ፌምቶሜትር ነው። በመሆኑም ተራውን ውሃ በከባድ ውሃ ሲተኩት ፖሊመሩ ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱን ውሃዎች በልክ ከቀላቀሏቸው ደግሞ ውሃው ከሲሊከኑ ጋር ይመሳሰላል፤ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት እንደቆመ ማለት ነው። ያኔ የሚቀረው ምልክት የብሩሹ ነው።

የኒውትሮኑ ጨረር በጣም ጠባብ በሆነ ማዕዘን ይላካል። ከብሩሹ ላይና ታች የተንፀባረቁት ሞገዶች፣ እርጥብ አስፋልት ላይ በፈሰሰ ናፍጣ እንደምናየው ቀለም፣ አንዱ ሌላውን ያጠናክራል ወይም ያጠፋል። ይህ ግን ፎቶግራፍ አይደለም። ተመራማሪው የብሩሹን ቅርጽ ገምቶ ከልኬቱ ጋር ያስተያያል፤ ከአንድ በላይ ግምት ሊገጥም ስለሚችል ልኬቱን በተለያየ የውሃ ድብልቅ መድገም የግድ ይላል። በዚህ ያልተደገመን ውጤት በጥርጣሬ ማየት አይከፋም።

ብዙ ጨው ሲጨመር የሰንሰለቶቹ መገፋፋት ይዳከምና ብሩሹ ይጨማደዳል። ሦስት ሙል ያላቸው አዮኖች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጥቂቱ እንኳ ፍትጊያን እንደሚጨምር አሳይቷል። ሰውነታችን ሶዲየምም ካልሲየምም ስላለበት፣ ለሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሽፋን የሚሠሩ ሰዎች ጉዳዩን ችላ ሊሉት አይችሉም።

ኒውትሮን ግን እንደ ኤክስሬይ በየቤተ ሙከራው አይገኝም። የሚመነጨው እንደ ፈረንሳይዋ ግሬኖብል ባለ ሪአክተር ወይም በኦክስፎርድ አቅራቢያ እንዳለው አይሲስ ባለ አክሰለሬተር ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ተወዳድረው ጥቂት ቀናት ይሰጣቸዋል፤ ሌሊቱንም ጭምር ሲለኩ ያድራሉ።