ኮላዥ ከጃዝ ምን ይማራል?

ኮላዥ ሥራ የተባለ የሥነ ጥበብ ተማሪ መጀመሪያ የሚያነሳው አሮጌ መጽሔትና መቀስ ነው። ያማረውን ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፤ ሲጨርስ ግን እጁ ላይ የሚቀረው የቆንጆ ነገሮች ክምር ይሆናል። የጎደለው ሥዕል አይደለም። ቁርጥራጮቹ በምን ሥርዓት ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ አልወሰነም። ይህን ሥርዓት ከሌላ ጥበብ መዋስ ይቻላል።

አሜሪካዊው ሮማሬ ቤርደን የተዋሰው ከጃዝ ነው። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን ካሮላይና ቻርሎት ተወልዶ፣ ጃዝ በሞላበት በኒው ዮርኩ ሃርለም አደገ። ቀን የከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ ለዓመታት ሲሠራ፣ የሚሥለው በተረፈው ሰዓት ነበር። ሠዓሊው ስቱዋርት ዴቪስ የጃዝ ተጫዋቹን የኧርል ሃይንስን ፒያኖ እንዲያደምጥ መከረው። ቤርደን ሸክላዎቹን ለሰዓታት ሰማ፤ በመጨረሻ ዜማውን ትቶ በድምፆቹ መካከል ያለውን ዝምታ ብቻ ማዳመጥ ቻለ።

ዝምታ ወረቀት ላይ ምን ይመስላል? በቤርደን ሥራዎች ውስጥ ከብዙ ፎቶዎች የተቀጣጠለ፣ ዓይኑና እጁ መጠናቸው የማይገጥም ፊት አጠገብ ምንም የሌለበት ባለ አንድ ቀለም ወረቀት ይገኛል። ዓይን እዚያ ያርፋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ግርግር ይሻገራል። ባዶውን ቦታ በሌላ ቁርጥራጭ ብትሞሉት ፊቱ ኃይሉን ያጣል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ባዶ ቦታ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላቸዋል።

ቤርደን ወደ ኮላዥ በሙሉ ልቡ የገባው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። በ1963 ለተመሠረተው «ስፓይራል» ለተባለው የጥቁር ሠዓሊዎች ቡድኑ ኮላዥ በጋራ እንሥራ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌሎቹ ብዙም አልጓጉም፣ እሱ ግን ቀጠለበት። ከጃዝም ሌላ ተበድሯል። በ1970 የሠራው «ፓችዎርክ ኪልት» ስሙን ያገኘው ከጨርቅ ቁርጥራጭ ከሚሰፋ የአልጋ ልብስ ሲሆን፣ ሥራው ላይ እውነተኛ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ዓመት ቆይቶ የሃርለምን ሰፈር በስድስት ሰሌዳዎች ባሳየበት «ዘ ብሎክ» ደግሞ የተቀዳ የመንገድ ድምፅ አብሮ እንዲሰማ አደረገ።

ብድሩ ተመላሽም ነበረው። ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን ከቤርደን ኮላዥ ሁለት ተውኔቶችን አውጥቷል። አንዱ «ዘ ፒያኖ ሌሰን» ርዕሱን ሳይቀር ከሥዕሉ የወሰደ ሲሆን በ1990 የፑሊትዘር ሽልማት አስገኝቶለታል።

ለተማሪ እንግዲህ፣ የሳክስፎን ፎቶ ቆርጦ መለጠፍ ከሙዚቃ መማር አይደለም። አንድ ሙዚቃ ይመረጥ፤ ክራር ብቻውን የሚሰማበት ቅጂ ከሙሉ ባንድ ይልቅ ለጆሮ ይቀላል። ደጋግመው እየሰሙ ድምፁ የሚረዝምበትን፣ የሚያጥርበትንና የሚቆምበትን በእርሳስ መስመር ማስፈር። ከዚያ ምንም ሥዕል የሌለባቸውን ባለ ቀለም ወረቀቶች በዚያው ልክ ቆርጦ፣ ዝምታው በነበረበት ቦታ ክፍተት እየተዉ መደርደር። ፎቶ የሚገባው ድርድሩ ብቻውን መቆም ከቻለ በኋላ ነው። ሙጫ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጥሩው አቀማመጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቁርጥራጮቹን ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትቱ ነው።