የሴቶች ምድብ አጥር፦ ፍትሕ፣ ፆታና የማኅበረሰብ ስፖርት



የዛሬውን ርእስ ሳሳውቅ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ለደብረ ማርቆስ ምኑ ነው?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ራሳቸውን ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ፆታ በተለየ የሚረዱ ሰዎች፣ በሴቶች ውድድር ይሳተፉ ወይስ አይሳተፉ የሚለው ክርክር በእኛ ሜዳ ላይ በዚህ ስሙ ሲነሣ አልሰማሁም። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ፣ «ሴት ማን ናት? ማንስ ነው የሚመረምራት?» የሚለው፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ገጥሞኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ከሃያ ዓመት በፊት ነው። አዲስ ተመራቂ መምህር ሳለሁ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኝ አንዲት ወረዳ በተደረገ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሰዓት መዝጋቢ ሆኜ ተመደብሁ። በሴቶች 800 ሜትር አንዲት ረጅም፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ በባዶ እግሯ የምትሮጥ ልጅ ሌሎቹን በሰፊ ርቀት ቀድማ ገባች። ወዲያው የተሸናፊው ትምህርት ቤት መምህር ተነሥቶ «ይህች ወንድ ናት፤ ትመርመር» አለ። ሐኪም አልነበረም፤ ደንብም አልነበረም። ሁለት ሴት መምህራን ልጅቱን ወደ አንድ ክፍል ይዘዋት ገቡ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተመልሰው «ሴት ናት» አሉ፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ውጤቱን መዝግቤ ፈረምሁ። ልጅቱ ለዞን ውድድር አልፋ ነበር፤ ግን አልመጣችም። ታናሽ ወንድሟን ሳገኘው «ሁለተኛ አልሮጥም ብላለች» አለኝ። በዚያ ቀን ሰዓቱን የያዝሁት፣ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ አንዲት ቃል አልተናገርሁም። የዛሬውን ንግግር የምሰማው ከምሁር ይልቅ ከዚያ ሰዓት መዝጋቢ አፍ እንደሚወጣ አድርጌ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የሴቶች ምድብ አጥር ነው። አጥር ያስፈለገበትን ምክንያት ለማሳየት ረጅም ሐተታ አያሻም፤ አንድ ምሽት ይበቃል። ጥቅምት 7 ቀን 2020 በስፔን ቫሌንሲያ ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ሮጣ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ለ12 ዓመታት ይዛው የቆየችውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም ላይ ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ማለት እጥፍ ርቀት እየሮጠ፣ እያንዳንዱን 5,000 ሜትር በአማካይ ከለተሰንበት በአንድ ደቂቃ ፈጥኖ ሄዷል። በ5,000 ሜትር የራሱ ክብረ ወሰን ከእርሷ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 91 ሰከንድ፣ 12 በመቶ ገደማ ነው። ለተሰንበት በምድር ላይ ከነበሩ ሴቶች ሁሉ ፈጣኗ ነበረች፤ ያለ አጥሩ ግን ስሟን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው የ10,000 ሜትር ውድድር ለሴቶች ወደ ኦሊምፒክ የገባው ገና ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1988 እንደ ነበር አስታውሱ። ርቀቱ ለሴቶች ባይከፈት ኖሮ ወርቁም አይኖርም ነበር።

የልዩነቱ ዋና ምንጭ ጉርምስና ነው። ከጉርምስና በፊት ወንድና ሴት ልጆች በሩጫ ብዙም አይራራቁም። ከዚያ በኋላ ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን በወንዶች አካል ላይ ቁመትን፣ የአጥንትን ርዝመትና ውፍረት፣ የጡንቻን መጠን፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከፍ ያደርጋል። ይህን የሚክድ ክርክር ከሳይንሱ ጋር ይጋጫል። ችግሩ የሚጀምረው አጥሩ በትክክል የት ይተከል ሲባል ነው፤ ተፈጥሮ እንደ ሩጫ መም ነጭ መስመር አላሰመረችልንምና።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያደባልቋቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ይገባል። ትራንስጀንደር ሴት ስንል በወንድነት ተወልዳና ተመዝግባ፣ በኋላ በሴትነት የምትኖርን ሰው ማለታችን ነው። የፆታ ዕድገት ልዩነት ያላት ሴት ግን ሲወለዱ ሴት ተብለው ከተመዘገቡ፣ በሴትነት ካደጉ፣ ነገር ግን ክሮሞዞማቸው ወይም ሆርሞናቸው ከተለመደው የተለየ ከሆነ ሰዎች አንዷ ናት። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት በምርመራ ቀን ነው። ካስተር ሴሜንያ የሁለተኛው ወገን እንጂ የመጀመሪያው አይደለችም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ ከገንዘቤ ዲባባ ክብረ ወሰን ጋር የተያያዘ ነው። ገንዘቤ በ2017 ሳባዴል ላይ በቤት ውስጥ ውድድር 2,000 ሜትርን በ5 ደቂቃ ከ23.75 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። በመስከረም 2021 ዛግሬብ ላይ ቡሩንዲያዊቷ ፍራንሲን ኒዮንሳባ በ5 ደቂቃ ከ21.56 ሰከንድ ሰበረችው። ኒዮንሳባ በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የብር ሜዳልያ ያገኘች፣ በኋላም የፆታ ዕድገት ልዩነት እንዳላት ራሷ በአደባባይ የተናገረች ሯጭ ናት። በ2019 ተግባራዊ የሆነው ደንብ ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ባሉት ርቀቶች ብቻ የቴስቶስተሮን መጠንን በመድኃኒት መቀነስ ያስገድድ ስለ ነበር፣ እርሷ ወደ ረጅም ርቀት ተሻገረች። 2,000 ሜትር ከአንድ ማይል የሚበልጠው በ391 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

አንድ የሰፈሬ ሰው «ክብሯን ተቀማች» ብሎ ሲቆጭ ሰምቼዋለሁ። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ቃሉን ግን አልቀበለውም። ኒዮንሳባ በጊዜው የነበረውን ደንብ አንድም ሳትጥስ ነው የሮጠችው። ጥያቄው መቅረብ ያለበት መስመሩን ማይል ላይ ላሰመሩት ነው። ለዚያ መስመር መነሻ ከሆኑት ጥናቶች የአንዱ አዘጋጆች፣ በ2021 ባሳተሙት ማስተካከያ፣ ግኝታቸው መነሻ ሐሳብ የሚሰጥ እንጂ ምክንያትና ውጤትን የሚያረጋግጥ አለመሆኑን ገልጸዋል። በመጋቢት 2023 የዓለም አትሌቲክስ ደንቡን ወደ ሁሉም ርቀቶች አሰፋው፤ ለኒዮንሳባ መንገዱ ተዘጋ። ክብረ ወሰኑም በ2024 ወደ አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ሃል አለፈ። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ሁለት አፍሪካውያት ሴቶች ሌላ ሰው ባሰመረው፣ በየጊዜውም በሚያንቀሳቅሰው መስመር ምክንያት እርስ በርሳቸው ባለ ዕዳ መምሰላቸው ነው።

ምርመራው ራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም አያኮራም። በ1966 ቡዳፔስት በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሴት አትሌቶች ራቁታቸውን በሐኪሞች ፊት እንዲቆሙ ተደረገ። የጮቄ ግርጌው ክፍል ውስጥ የሆነው፣ አያችሁ፣ የገጠር ኋላ ቀርነት ብቻ አልነበረም። በ1968 የክሮሞዞም ምርመራ ተተካ። በ1996 አትላንታ 3,387 ሴቶች ተመርምረው ስምንቱ ላይ የወንድነትን ዕድገት የሚያስጀምረው ኤስ-አር-ዋይ የተባለው ጂን ተገኘ፤ ነገር ግን ዝርዝር ምርመራ ተደርጎ ስምንቱም እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ጂኑ መኖሩ አካሉ ለሆርሞኑ ይታዘዛል ማለት አይደለምና። ከዚያም አጠቃላይ ምርመራው ከኦሊምፒክ ቀረ። ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የዓለም አትሌቲክስ ያንኑ ጂን በሕይወት አንድ ጊዜ መመርመርን ለዓለም ሻምፒዮና ግዴታ አደረገው፤ ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ ወይም ከደም ይወሰዳል። ወደ ቶኪዮ የተጓዙ ሴት አትሌቶቻችንም ይህ ግዴታ ደርሶባቸዋል።

ወደ ትራንስጀንደር ጥያቄ ስመለስ፣ በከፍተኛ ውድድር ያለው ደንብ ዛሬ ግልጽ ነው። ከመጋቢት 31 ቀን 2023 ወዲህ የወንድ ጉርምስናን ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች በዓለም ደረጃ ውጤት በሚመዘገብባቸው የሴቶች ውድድሮች አይሳተፉም። ድርጅቱ ራሱ በዚያ ጊዜ በዓለም አቀፍ አትሌቲክስ የሚወዳደር ትራንስጀንደር አትሌት እንደሌለ ተናግሮ ነበር። ደንቡ ማስረጃ የለውም ለማለት ያስቸግራል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ አየር ኃይል ያገለገሉ 46 ትራንስጀንደር ሴቶችን መረጃ መርምሮ፣ ከሁለት ዓመት የሆርሞን ሕክምና በኋላ በፑሽ አፕና በሲት አፕ የነበራቸው ብልጫ ሲጠፋ፣ በአንድ ማይል ተኩል ሩጫ ግን አሁንም 12 በመቶ እንደሚፈጥኑ አሳይቷል። ያን 12 በመቶ ቀደም ብለን አይተነዋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ታዋቂ ሯጮች ሳይሆኑ ተራ ወታደሮች ነበሩ፤ ስለዚህ «ይህ የሚመለከተው ሻምፒዮናን ብቻ ነው» የሚለው መልስ ሙሉ አይደለም።

ሙሉ ያልሆነ መልስ ግን ከንቱ አይደለም። ለእኔ ዋናው ነገር ውድድሩ ምን ያከፋፍላል የሚለው ነው። ቫሌንሲያ ላይ የሚከፋፈለው ክብረ ወሰን፣ ገንዘብና ኮንትራት ነው። በአዲስ አበባ ከ2004 ጀምሮ የሚካሄደውን የቅድሚያ ለሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተመልከቱ፤ ከፊት ጥቂት አትሌቶች ይፎካከራሉ፤ ከኋላ በሺህ የሚቆጠሩ እናቶችና እኅቶች እየዘፈኑ፣ እየተሳሳቁ ይራመዳሉ። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት ስፖርት አለ። ለፊተኞቹ የሚሠራው ደንብ ለኋለኞቹ ትርጉም የለውም፤ ለመጨረሻዋ ገቢ የጉንጭ ናሙና ማን ይወስዳል?

በእንግሊዝ ይህን መለያየት አልተቀበሉም። በሚያዝያ 2025 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል ሥነ ሕይወታዊ ፆታን እንደሚያመለክት ከወሰነ በኋላ፣ የእግር ኳስ ማኅበሩ ከሰኔ 1 ጀምሮ ትራንስጀንደር ሴቶች በየትኛውም ደረጃ በሴቶች ቡድን እንዳይጫወቱ ከለከለ። በክልከላው የተነኩት የተመዘገቡ ተጫዋቾች 30 አይሞሉም ነበር። አንዱ ወገን «ለ30 ሰው ይህ ሁሉ?» ይላል፤ ሌላው «ለአንዲት የተገፋች ሴትም ቢሆን ደንብ ደንብ ነው» ይላል። በእግር ኳስ አካል ከአካል ይጋጫልና፣ ሁለተኛውን ወገን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም።

ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ። እዚህ ማለዳ በአስፋልቱ ዳር በቡድን የሚሮጡ ሴቶች አሉ። ለምን ከሴቶች ጋር ብቻ እንደሚሮጡ ብትጠይቋቸው ስለ ቴስቶስተሮን አይነግሯችሁም። ባል እንዳይቆጣ፣ የሰፈር ሰው እንዳያማ፣ ነጠላቸውን ጥለው በቱታ ሲሮጡ ዓይን እንዳይበዛባቸው ነው። ይህ ደግሞ ከሰዓትና ከሜዳልያ ውጭ የሆነ፣ ግን እውነተኛ የአጥር ምክንያት ነው፤ ማንም ሰው የክርክሩን መልስ ሲሰጥ ሊዘለው አይገባም። በገጠሩ ደግሞ ልጃገረዶችን ከሜዳ የሚያስወጡት ውኃ መቅዳት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የወር አበባ ሲመጣ የሚለወጥበት ቦታ ማጣት ናቸው። ኳሱም ሜዳውም የወንዶች ነው። ስለ ሴቶች ስፖርት ፍትሕ ድምፃችንን የምናሰማው ማን ሊገባ ይችላል ሲባል ብቻ ከሆነ፣ ማን እየወጣች እንደሆነ አናይም።

በዕድሜ ምድብ ያለንን ልምድም አስቡት። ዕድሜ መቀነስ በታዳጊዎች ውድድራችን የታወቀ ሕመም ነው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር ጀምሯል። ነገር ግን በወረዳ ውድድር ጢም ያበቀለ «የ15 ዓመት ልጅ» ስናይ ሱሪውን አናስወልቅም፤ የትምህርት ቤት መዝገብ እንጠይቃለን። ወንዱ ሲጠረጠር ወረቀቱ ይመረመራል፤ ሴቷ ስትጠረጠር ገላዋ። ይህን ልዩነት ያስተዋልሁት እጅግ ዘግይቼ ነው።

ከዚህ በመነሣት የራሴን አቋም ላስቀምጥ። ወደ ክልልና ወደ ሀገር አቀፍ ምርጫ የሚያሳልፍ ውድድር የፌዴሬሽኑን ደንብ ይከተል፤ ምርመራ ካስፈለገም በሐኪም፣ በፈቃድና በምስጢር ይሁን። በቀበሌ፣ በትምህርት ቤትና በጎዳና ሩጫ የምዝገባ ወረቀት በቂ ነው። ራሷን በሴትነት የምታውቅ ትራንስጀንደር ሰው በእንዲህ ያለ የጎዳና ሩጫ ከሰው ጋር ብትሮጥ ከማንም የሚቀነስ ነገር አይታየኝም፤ ሽልማትና የምርጫ ቦታ ሲመጣ ግን የወንድ ጉርምስናን ያለፈ አካል በሴቶች ምድብ መመዘኑን አልደግፍም። ይህ አቋም ሁለቱንም ወገን እንደማያስደስት አውቃለሁ። ትናንት ማታ አንዲት ባልደረባዬ «ደንብህ ከውጭ ሜዳ እስከ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ አይደርስም» ብላ ተከራክራኛለች፤ ልክ ናት፤ እዚያ ላይ መልሴ ገና አልጠናም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለኝም። ለሚቀጥለው ውድድር ባዘጋጀነው የዳኞች መመሪያ ረቂቅ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንዲገቡ አድርጌአለሁ። በፆታ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ከውድድሩ በፊት፣ በጽሑፍ፣ በቡድን መሪ ፊርማ ብቻ ይቀርባል። የተወዳዳሪን አካል መመልከት በማንኛውም ዳኛ፣ መምህር ወይም አስተባባሪ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሜዳ ላይ በቃል የሚቀርብ ክስ አይሰማም፤ ያቀረበው ሰው ከሜዳ ይወጣል። ረቂቁ በፋኩልቲው ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የወረዳ ዳኞች በተለይ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ንገሩኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጡት ሴት ተማሪዎች እንጀምር።