ቀይ ቀበሮን ለማየት ስንሄድ

ነገ ክፍል ገብተን ስለ ዱር አራዊት ስናስተምር፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል ስለን «ይህ ቀይ ቀበሮ ይባላል» ማለታችን አይቀርም። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን በዓይናችን ያየነው? ቀይ ቀበሮ እኮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያሉት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነሱም ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጉብኝቱ የሚጀመረው ከዲንሾ ነው። የመግቢያ ክፍያ ተከፍሎ አስጎብኚ ይያዛል። እዚያው በጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ባለው ደን፣ በማለዳና አመሻሹ ላይ የደጋ አጋዘን ሲግጥ ይታያል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ግን በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ያስፈልጋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ አይጣል ነው፤ ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ አካሄድም ቀስ ይበል።

አውሬ ለማየት የግድ ሌሊት መጠበቅ ያለብን ይመስለን ይሆናል። ቀይ ቀበሮ ግን የሚያድነው በቀን ነው። ምክንያቱም ዋና ምግቡ የሆኑት አይጦችና ፍልፈሎች ከጉድጓዳቸው የሚወጡት በቀን ስለሆነ ነው። ስለዚህ ራቅ ብሎ፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ሲያደባ ይታያል። መኪና የያዘ ቀስ ብሎ ይንዳ። ትርፍራፊ ምግብ መጣል ክልክል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ውሻ አስከትሎ መግባት አይገባም። ለምን ቢሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮውን የሚይዘው ከውሻ ነው። ቀበሮዎች ለአደን ለየብቻ ቢሰማሩም የሚኖሩት በመንጋ ነው፤ ሲገናኙ ይላላሳሉ፣ ይሻሻሉ። አንዱ ከታመመ መንጋው አለቀ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ኋላም በ2003 በባሌ የደረሰው እልቂት ይኸው ነበር።

መድኃኒቱ ውሾችን ማስከተብ ነው፤ ይህ ደግሞ ሰውንም ከብትንም ያድናል። እንግዲህ የመምህር ሥራ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ማታ ቤቱ ገብቶ «አባባ፣ ውሻችንን እናስከትብ» ካለ፣ ትምህርቱ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።