የጠፋ ዕቃና የንጹሕ ሰው ስም

በቤት ውስጥ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ድኻው አገልጋይ ነው። በባሕር ዳር በፋሲሎ ሠፈር የሚኖር ጌታ የሚስቱ የአንገት ወርቅ ቢጠፋበት፥ የተሰበረውን ሣጥን ከመመርመሩ በፊት ዓይኑ ወደ ማድ ቤት ይዞራል። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ሰዎችም ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሌባ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ ሌባ ሻይ ነበር። ይኸውም አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፥ ጢስም ስቦ ከሰከረ በኋላ፥ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ ከሰው ቤት ገብቶ የተኛ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍል ነበር። አፈርሳታ የተባለውም ሥርዓት የአገሩን ሰው ሰብስቦ፥ በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ያግደው ነበር። አፈርሳታስ የሰው ቃል ይሰማ ነበር፤ የሌባ ሻይ ምስክር ግን ስካር ብቻ ነበረና በኋላ ዘመን በመንግሥት ተከለከለ።

በሌላው ዓለም ደግሞ ዳኞች ሰውን ከመያዛቸው በፊት ዕቃውን መመርመር ተማሩ። የቻይናው ዳኛ ሶንግ ሲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1247 በጻፈው መጽሐፍ፥ በማጭድ ስለ ተገደለ ሰው ይተርካል። መርማሪው የመንደሩን ማጭድ ሁሉ በመሬት ላይ ቢያስደረድር፥ ዝንቦች የደም ሽታ በቀረበት በአንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ፤ ገዳዩም ታወቀ። በ1892 ደግሞ በአርጀንቲና ፍራንሲስካ ሮሐስ የተባለች ሴት ሁለት ልጆቿ ተገድለው በተገኙ ጊዜ በአንድ ጎረቤቷ አሳበበች፤ እርሱም ተይዞ ተሠቃየ፥ ነገር ግን አላመነም። በኋላ በበሩ ላይ በደም የታተመ የጣት አሻራ ተገኘ። ሁዋን ቩሴቲች ባወጣው ዘዴ ሲመረመር አሻራው የእናቲቱ የራሷ ሆነ። እንግዲህ ዱላ ያላወጣውን እውነት አንዲት ጣት አወጣችው።

በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ በማስፈራራት ወይም በማባበል ቃል እንዳይቀበል ከልክሎ፥ በሐኪም የሚደረገውን የሰውነት ምርመራ ፈቀደ።

ስለዚህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ዕቃ በጠፋባችሁ ጊዜ ወለሉን አታስጠርጉ፤ የተሰበረውን ሣጥን በእጃችሁ አትንኩ፤ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ በሩን ዝጉ። አገልጋያችሁንም በሰው ፊት ሌባ አትበሉ። የጠፋ ወርቅ በገንዘብ ይተካል፤ የንጹሕ ሰው ስም ግን አንድ ጊዜ ከጐደፈ በምን ይታጠባል?