እንዴት ይሠራል? ሳሙናና የበዓሉ ፍየል

ዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ያለችውን ቁራጭ ሳሙና አንሷትና እዩአት። የዶሮ ወጥ ድስት ላይ የተጣበቀውን ቅባት የምታስለቅቀው እሷ ናት። የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ የምታጠፋውም በዚያው ሙያዋ ነው።

በሽታው ከእኛ ግቢ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። በዓል ሲቃረብ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃው ሥርና ለእርድ በተሠራው የጋራ ቤት አጠገብ በግና ፍየል ይታሰራል። ማታ ማታ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በግቢው ይዞራሉ። ፍየሏ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ምን እንዳገኛት ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ውሻ ነክሷት ከነበረ በሽታው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ድንገት ትታመማለች። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጓዳችን ነው፦ ልጆች የተራረፈ ዳቦና ሊጥ ሲያጎርሷት ውለው ሆዷ ተነፍቷል፤ ግራ ጎኗ ተወጥሮ ይታያል። ሆዷ ሳይነፋ ለሃጯ ከተዝረበረበ፣ ድምፅዋ ሻክሮ ያለማቋረጥ ከጮኸች፣ መዋጥ ካቃታት፣ የኋላ እግሯ ከተልፈሰፈሰ ወይም ሰው ለመውጋት ከተነሳች ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መዋጥ ያቃታትን ፍየል ያየ ሰው ሁሉ “ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ” ብሎ እጁን አፏ ውስጥ ይከታል። ቫይረሱ ያለው ደግሞ ለሃጯ ውስጥ ነው። ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ያስነካችሁባት ትንሽ ቁስል ለመግቢያ ትበቃዋለች። እባካችሁ እጃችሁን አትክተቱ። መንካት የግድ ከሆነባችሁም እጃችሁ ላይ ፌስታል ደርቡ።

አሁን ወደ ሳሙናዋ። ብርጭቆ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ምቱት። ስታቆሙ ዘይቱ ተመልሶ ከላይ ይንሳፈፋል። ጥቂት ጠብታ ላርጎ ጨምሩና ድገሙት፤ ውኃው ይደፈርሳል፣ ዘይቱም እንደ ቅድሙ ቶሎ አይለይም። የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ ስላላት ነው። አንዱ ጫፏ ውኃ ይወዳል። ረጅሙ ጭራዋ ውኃን ይሸሽና ቅባት ሲያገኝ ሰርስሮ ይገባል። ቅባቱ ተበጣጥሶ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

የእብድ ውሻ ቫይረስ ከላይ የለበሰው ስስ የቅባት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ላይ የተተከሉት ጥቃቅን እሾሆች የነርቭን ሕዋስ በር የሚከፍትባቸው ቁልፎቹ ናቸው። የሳሙናዋ ጭራ ቅባቱን ሲሰረስረው ሽፋኑ ይፈርሳል፣ እሾሆቹም የተተከሉበትን ያጣሉ። ስለዚህ ውድ ሳሙና አያስፈልግም። የልብስ ሳሙናም ሆነ ኦሞ ሥራው ያው ነው።

ሌላው የሚረዳን የቫይረሱ አዝጋሚነት ነው። በደም አይሮጥም። መጀመሪያ ንክሻው አካባቢ ይቆይና ነርቭ ይዞ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተጓዘ ወደ አንጎል ይወጣል። ፊት ላይ የተነከሰ ልጅ እግሩ ላይ ከተነከሰው ይበልጥ የሚያሰጋው መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው። አንጎል ደርሶ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ፣ መያዝ ያለበት ገና ከበሩ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ ይላል። ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ለሃጩ ታች ድረስ ስለሚገባ ለአፍታ ማለቅለቅ አይደርስበትም። ሰዓታት ቢያልፉም እጠቡት። ቡና፣ በርበሬ ወይም ቅጠል ግን አትነስንሱበት፤ ቁስሉን ያስቆጣዋል፣ ቀዳዳውንም ይደፍነዋል።

ፈረቃችን ባልሆነ ቀን ውኃ ባይኖርስ? ቅዳሜ ዕለት ልጆቹን ሰብስባችሁ ይህን ሞክሩ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን ብሱና ውኃ ሞልታችሁ ዘቅዝቁት፤ ሲጨመቅ በ45 ሰከንድ እንዲያልቅ ቀዳዳውን አስተካክሉ። በዚህ ፍሰት አንዷ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ልክ 15 ደቂቃ ታስኬዳችኋለች። ክዳኑን አስቀምጡት፣ አንድ ጀሪካን ውኃም ሁልጊዜ ሞልታችሁ አቆዩ።

ከታጠባችሁ በኋላ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሳሙናው ክትባቱን አይተካም። ትልልቆቻችን “ሆድ ላይ የሚወጋው” እያሉ የሚፈሩት ፌርሚ የሚባለውን የድሮ ክትባት ነው፤ ከእንስሳት አንጎል ይሠራ ነበር፣ በተከታታይ ቀናትም ይሰጥ ነበር። አዲሱ ክንድ ላይ ይወጋል፣ በጥቂት ቀጠሮም ያልቃል። ጠበል የሚወስዳችሁ እምነት ካለ ሂዱ፤ ሳሙናውና መርፌው ግን ይቅደሙ።

የታመመችውን ፍየል “ከምትሞት” ብላችሁ አትረዷት። በደንብ ማብሰል ቫይረሱን ቢገድለውም፣ ጭንቅላቷንና ሰረሰሯን የሚከፍተው ሰው ግን ለቫይረሱ ይጋለጣል። ድንገት የሞተች ከሆነም አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ አትክፈቷት። ማንም እንዳይነካት ከልላችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ በእርግጥ የሚታወቀው አንጎሏ ላቦራቶሪ ሲመረመር ነው።

ውሻ ሲነክስ ውሻውን ለ10 ቀን አስሮ መከታተል የተለመደ ነው፤ በሕይወት ከቆየ ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ይህ ቆጠራ ለውሻና ለድመት እንጂ ለፍየል አይሠራም። ስለዚህ “እስቲ እንያት” ብላችሁ አትጠብቁ፤ ክትባቱን ጀምሩ። ምርመራው ፍየሏ ነፃ ነበረች ካለ ሐኪሙ ያቋርጥላችኋል።