ብር ተቆርጦ ትኬት ሲቀር፦ «ኦብዘርቨር» የሚባለው የኮድ አሠራር ምን ይፈታል? ምንስ አይፈታም?

ኦንላይን ትኬት ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይሄን ነገር ሳያየው አይቀርም። «ክፈል» የሚለውን ይነካል፣ ብሩ ከአካውንቱ ይቀነሳል፣ ገጹ ግን መዞር ይጀምራል። ዞሮ ዞሮ «ችግር አጋጥሟል፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ትኬት የለም፣ ብሩ ግን ሄዷል። ደንበኛው እንደተባለው እንደገና ሲሞክር ደግሞ ሁለተኛ ይቆረጥበታል።

ሁላችንም ቶሎ የምንወቅሰው ኔትወርኩን ነው። አንዳንዴም ልክ ነን። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው፤ «ክፍያው ተፈጽሟል» የሚለው ወሬ ከአንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ወደ ሌላው በሚሄድበት መንገድ ላይ። ፕሮግራመሮች ለዚህ ወሬ ማስተላለፊያ የቆየ ዘዴ አላቸው። «ኦብዘርቨር» ይባላል፣ ታዛቢ እንደማለት ነው። ኮድ መማር ለጀመራችሁም፣ ዌብሳይት እያሠራችሁ ላላችሁም ይጠቅማል ብለን ዛሬ በቀላሉ ልናስረዳችሁ ወደድን።

▪️ ሁሉም ሥራ አንድ ቦታ ሲታጨቅ

የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ዌብሳይት አለ እንበል። ኦብጀክት ተኮር በሆነ ፕሮግራሚንግ ሁሉ ነገር የራሱን መረጃና የራሱን ሥራ ይዞ ይቀመጣል። ደንበኛው አንድ ኦብጀክት ነው፣ መቀመጫው ሌላ፣ ትዕዛዙ ሌላ። ትዕዛዙ «ተከፈለ» የሚል ሜተድ አለው። ብር ሲገባ የሚጠራው እሱ ነው።

ጀማሪ ፕሮግራመር እዚያ ሜተድ ውስጥ ምን ይጽፋል? ሁሉንም።

1. ክፍያውን መዝግብ
2. መቀመጫውን ያዝ
3. ለደንበኛው ኤስኤምኤስ ላክ
4. ደረሰኙን በኢሜይል ላክ
5. ለሒሳብ ክፍሉ አስተላልፍ

መጀመሪያ ላይ ይሠራል። ከዚያ አለቃው ይመጣና «በቴሌግራምም እናሳውቃቸው» ይላል። በሳምንቱ ደግሞ «ለቋሚ ደንበኞች ነጥብ እንስጥ» ይላል። በመጣ ቁጥር የትዕዛዙ ኮድ ይከፈታል፣ ይነካካል። ትዕዛዝ የሚባለው ነገር ስለ ኤስኤምኤስም፣ ስለ ኢሜይልም፣ ስለ ቴሌግራምም የሚያውቅ፣ ሁሉም ነገር ላይ እጁን ያስገባ ፍጡር ይሆናል።

ትልቁ አደጋ ግን ይሄ አይደለም። የኤስኤምኤስ ድርጅቱ ሰርቨር አንድ ቀን አልመልስ ቢልስ? ኮዱ 3ኛው መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ገጹ የሚዞረው ያኔ ነው። ጠብቆ ጠብቆ ሲሰናከል 4ኛውና 5ኛው ሥራ ሳይሠሩ ይቀራሉ። ይባስ ብሎ አምስቱም በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን ከታሰሩ (ማለትም ወይ ሁሉም ይጸናል፣ ወይ ምንም አይጸናም በሚለው አሠራር) የተመዘገበው ክፍያ ራሱ ይሰረዛል። ባንኩ ጋ ግን ብሩ ተቆርጧል። አንድ አጭር መልእክት መላክ ባለመቻሉ ሰውዬው ብሩንም ትኬቱንም አጣ ማለት ነው።

▪️ የእድር ጥሩምባ

መፍትሔውን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። ለቅሶ ሲኖር ጥሩምባ ነፊው በጠዋት በየመንደሩ እየዞረ ያሳውቃል። የሱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ድንኳን የሚተክለው ማነው፣ ወንበር የሚያመጣው ማነው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው ማነው፣ እሱን አይመለከተውም። እያንዳንዱ አባል ጥሩምባውን ሲሰማ የራሱን ድርሻ ያውቃል። አዲስ አባል ሲመጣ መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ጥሩምባ ነፊው አነፋፉን አይቀይርም።

ኦብዘርቨር በቃ ይሄው ነው። ትዕዛዙ ጥሩምባ ነፊው ነው። «ትዕዛዝ ተከፍሏል» የሚለው ወሬ ኢቨንት ይባላል። ኤስኤምኤስ ላኪው፣ ደረሰኝ ላኪው፣ ነጥብ ሰጪው ታዛቢዎች ናቸው። ስማቸው መዝገብ ላይ አለ። ትዕዛዙ ክፍያውን ይመዘግባል፣ መቀመጫውን ይይዛል፣ ከዚያ «ተከፍሏል» ብሎ ያሳውቃል፤ አለቀ። የቴሌግራም መልእክት ሲፈለግ አንድ አዲስ ታዛቢ ይጻፍና ይመዘገባል። የትዕዛዙ ኮድ አንድ ፊደል አይነካም።

▪️ ከየት መጣ?

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ስሞልቶክ በሚባለው ቋንቋ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች መረጃው ሲቀየር ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል እንዲያውቅ ይፈልጉ ነበር። ዘዴው ስም አግኝቶ በሰፊው የታወቀው ግን በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ የተባሉ አራት ሰዎች «ዲዛይን ፓተርንስ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። ውስጡ 23 የኮድ አሠራሮች አሉ፣ ኦብዘርቨር አንዱ ነው። ፕሮግራመሮች አራቱን ሰዎች «የአራቱ ጋንግ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ዌብ ላይ ደግሞ ሳናውቀው በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ጃቫስክሪፕት ውስጥ «ይሄ በተን ሲነካ ይሄን ሥራ» ብሎ መጻፍ በተኑን መታዘብ ማለት ነው። በተኑ ማን እንደሚያዳምጠው አያውቅም። ሰርቨር ላይም እንደዚሁ ነው፤ ኖድ ጄኤስ፣ ጃንጎ፣ ላራቬል ሁሉም የየራሳቸው የማሳወቂያ መንገድ አላቸው።

▪️ «ተቀይሯል» እና «ተከፍሏል» አንድ አይደሉም

ላራቬልን ብንወስድ ሁለት ዓይነት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው የሞዴል ኦብዘርቨር ነው፤ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ መዝገብ ሲፈጠር፣ ሲቀየር ወይም ሲጠፋ በራሱ ይነቃል። ሁለተኛው ፕሮግራመሩ ራሱ ስም ሰጥቶ የሚያሳውቀው ኢቨንት ነው።

ብዙ ጀማሪ ቀላሉን፣ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? «ትዕዛዙ ተቀይሯል» የሚለው ወሬ ምን እንደተቀየረ አይናገርም። ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን ቢያስተካክልም ተቀይሯል ነው፣ ቢከፍልም ተቀይሯል ነው። ታዛቢው በደንብ ካላጣራ ስልኩን ያስተካከለ ሰው «ክፍያዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ጥሩምባው «አንድ ነገር ሆኗል» ብቻ ቢል መንደሩ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ለሥራው ትርጉም ያለው ነገር ሲሆን በስሙ ጥሩት፦ «ትዕዛዝ ተከፍሏል»፣ «ጉዞ ተሰርዟል»።

ሌላም አለ። ላራቬል ውስጥ ብዙ መዝገቦችን በአንድ ትዕዛዝ በጅምላ ስትቀይሩ የሞዴል ኦብዘርቨሩ ጭራሽ አይሰማም። «የነገን ጉዞ በሙሉ ሰርዝ» ብላችሁ በአንድ መስመር ብትጽፉ ጉዞው ይሰረዛል፣ ተሳፋሪው ግን መልእክት አይደርሰውም። ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ይቆማል።

▪️ አራት ወጥመዶች

አንደኛ፣ ማሳወቅ ማለት ከጀርባ መሥራት ማለት አይደለም። ይሄ በጣም የሚያሳስት ነገር ነው። ላራቬልም ኖድ ጄኤስም ካልተነገራቸው በስተቀር ታዛቢዎቹን እዚያው ተራ በተራ ይጠራሉ። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል፣ አንዱ ስህተት ከጣለ ከኋላው ያሉት ሳይጠሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ኮዱን ወደ ታዛቢ ማዛወር ብቻውን ገጹን ከመዞር አያድነውም። ኤስኤምኤስና ኢሜይል ወረፋ ውስጥ ገብተው ለብቻቸው መሠራት አለባቸው። ላኪው ቢሰናከል ቆይቶ ይሞክራል፣ ደንበኛው ግን ትኬቱን ይዞ ሄዷል።

ሁለተኛ፣ ሳይጸና ማሳወቅ። ትራንዛክሽኑ ሳያልቅ ጥሩምባው ከተነፋ ኤስኤምኤሱ ይሄዳል፣ ከዚያ ዳታቤዙ ሥራውን ይሰርዘዋል። ሰውዬው ስልኩ ላይ «ተከፍሏል» የሚል መልእክት አለ፣ ሲስተሙ ግን አያውቀውም። ማሳወቂያው ሁልጊዜ መዝገቡ ከጸና በኋላ ይውጣ። ላራቬል ለዚህ የተዘጋጀ አማራጭ አለው።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተል ላይ መተማመን። ደረሰኝ ላኪው «ነጥብ ሰጪው ከኔ በፊት ሠርቷል» ብሎ ካሰበ አንድ ቀን ይወድቃል። ጃቫ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘውን የራሱን የኦብዘርቨር ክላስ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው 9ኛ ዕትሙ «ከዚህ በኋላ አትጠቀሙበት» ብሎታል። ከተጠቀሱት ድክመቶች አንዱ ታዛቢዎቹ በምን ተራ እንደሚጠሩ ዋስትና አለመኖሩ ነው።

አራተኛ፣ ራሱን የሚጠራ ታዛቢ። ትዕዛዙ ሲቀየር የሚነቃ ታዛቢ ትዕዛዙን መልሶ ከቀየረው እንደገና ይነቃል፣ እንደገና ይቀይራል፤ ማቆሚያ የለውም። የምርጫ ታዛቢ ኮሮጆ ውስጥ እጁን አያስገባም። የኮድ ታዛቢም የሚታዘበውን ነገር ባይነካ ይመረጣል።

በብራውዘር በኩል ደግሞ መዝገብ ማጽዳት አይረሳ። ከሰፈር የለቀቀ አባል ስሙ ካልተሰረዘ እድሩ እንደሚቸገረው ሁሉ፣ የተዘጋ ገጽ ታዛቢ ካልተሰረዘ ሜሞሪ ይይዛል፣ ስልኩም ቀስ በቀስ ይንቀራፈፋል።

▪️ ከድርጅት ወደ ድርጅት ሲሆን

ይሄው አሠራር በሁለት ድርጅቶች መካከልም አለ። ዌብሁክ ይባላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ክፍያ ለብዙዎቻችን የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ዌብሳይት ያላቸው ነጋዴዎችም ከክፍያ ድርጅቶች ጋር ሲስተማቸውን ያገናኛሉ። ነጋዴው «ክፍያ ሲሳካ በዚህ አድራሻ ንገሩኝ» ብሎ አድራሻ ያስመዘግባል። በየ5 ሰከንዱ «ገባ ወይ? ገባ ወይ?» እያሉ ከመጠየቅ ይሻላል።

እዚህ ጋ ግን ጥሩምባው በኢንተርኔት ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ሦስት ነገር ያዙ። አንድ፦ ያሳወቀው እውነተኛው የክፍያ ድርጅት መሆኑን በዲጂታል ፊርማው አረጋግጡ፣ ካልሆነ ማንም ሰው «ተከፍሏል» ብሎ ሊልክላችሁ ይችላል። ሁለት፦ ላኪው መልስ ካጣ ያንኑ ወሬ ደግሞ ሊልክ ስለሚችል የክፍያውን መለያ ቁጥር መዝግባችሁ ሁለተኛውን እለፉት፤ አለበለዚያ ለአንድ ክፍያ ሁለት ትኬት ትሰጣላችሁ። ሦስት፦ ወሬው ጭራሽ ላይደርስም ይችላል። ክፍያቸው ያልታወቀ ትዕዛዞችን በየተወሰነ ጊዜ እየለያችሁ የክፍያ ድርጅቱን ራሳችሁ ጠይቁ። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ወደ ገጻችሁ ይመለሳል ብላችሁ ብቻ አትጠብቁ፤ ካርድ ሊያልቅበት፣ ስልኩ ሊጠፋበት ይችላል።

▪️ ታዲያ የቱን ለታዛቢ እንስጥ?

ይሄን ሁሉ በአንድ ጥያቄ መለየት ይቻላል፦ «ይሄ ሥራ ባይሠራ ሽያጩ ሽያጭ ነው ወይ?» ኤስኤምኤሱ ባይደርስ ሽያጩ ሽያጭ ነው፤ ለታዛቢ ይሰጥ። ነጥቡ ቢዘገይም እንደዚያው። መቀመጫው ካልተያዘ ግን ሽያጭ የለም፤ ለሁለት ሰው አንድ ወንበር ሸጣችሁ ማለት ነው። እሱ ከክፍያው ምዝገባ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን፣ በግልጽ፣ ኮዱን ለሚያነብ ሰው ሁሉ በሚታይ ቦታ ይቀመጥ።

በግልጽ የምንለው በምክንያት ነው። የኦብዘርቨር ጥቅሙም ጉዳቱም አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አሳዋቂው ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ኮዱን በሌላ ጊዜ የሚያነብ ሰውም አያውቅም። የጃንጎ ሠሪዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ሲግናል የሚሉት የማሳወቂያ ዘዴ ሲበዛ ኮዱን ለመረዳትና ስህተት ለመፈለግ አስቸጋሪ እንደሚያደርግ ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ የትኛው ኢቨንት የትኞቹን ታዛቢዎች እንደሚያነቃ አንድ ቦታ ላይ ጻፉት። እድርም ያለ መዝገብ አይሆንም።

ዌብሳይት የምታሠሩ ነጋዴዎች ደግሞ ኮድ ማንበብ ባይጠበቅባችሁም ሠሪውን ይሄን ጠይቁት፦ «የኤስኤምኤስ ድርጅቱ ለአንድ ሰዓት ቢቋረጥ ደንበኛዬ ትኬቱን ያገኛል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ እዚያው ፊታችሁ ኤስኤምኤሱን አጥፍቶ ያሳያችሁ።

ይሄን ነገር በሥራችሁ ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሄደላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ኮድ ለሚማር ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።