«ተቀበል» ማለት ያቃተን ምሽት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጎንደር ከተማ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ የአዝማሪ ቤት ጎራ ብለን ነበር። መቀመጫው ዱካ፣ መጠጡ ጠጅ ነው።

አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኘ። መሣሪያው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ሲኖረው፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁሉ ከዚያችው ከአንዲቱ ያወጣቸዋል።

እንግዳውን በየተራ እያወደሰ፣ ደግሞም በቀልድ እየወጋ ከእኛ ዘንድ ደረሰና ግጥም ጠየቀን። ደንቡ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው በዜማ አድርጎ ማሰማት ነው። ዲግሪ የጫንነው አራት ጓደኛሞች ግን እርስ በርሳችን ተያየን። ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዘበኛ «ተቀበል!» ብለው ሁለት ስንኝ ወረወሩ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኛም አብረን ሳቅን። ወርቁ የገባን ግን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ነው፤ ለካ የተነካነው እኛው ኖረናል!

በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር እያስያዘ ያስረሸነው፣ ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣሉ ብሎ ነበር። ባዕድ ገዥ የፈራውን ቃል እኛ ባለቤቶቹ ሳንሰማው ብንቀር ያሳፍራል። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ አንዳንድ ስንኝ ይዘን እንመለሳለን። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ምን ይዘሃል?